ነጻው የሥራ ደኅንነት አማካሪ ለእንጀራ ቤትና ለሬስቶራንት ኃላፊ ያዋጣል?

አሜሪካ ውስጥ ሬስቶራንት፣ እንጀራ መጋገሪያ ወይም ግሮሰሪ ለሚመራ ሰው የሥራ ደኅንነት ሻጭ አይጠፋም። አንዱ የኢንተርኔት ኮርስ ይዞ ይመጣል። ሌላው «ይህን ካልለጠፍክ ትቀጣለህ» እያለ የፌደራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ (OSHA) በነጻ የሚያድለውን ፖስተር በዶላር ይሸጣል። በሰዓት የሚያስከፍል የግል አማካሪም አለ። እዚህ የምንገመግመው ግን ሳንቲም የማይጠየቅበትን ነው፤ «ኦን ሳይት ኮንሰልቴሽን» የሚባለውን፣ ባለሙያ ሥራ ቦታው ድረስ መጥቶ አደጋውን በዓይኑ አይቶ የሚናገርበትን የመንግሥት አገልግሎት።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለአነስተኛ ድርጅት ከዚህ የተሻለ አናውቅም። የሚጠቅመው ግን የተነገረውን ለማስተካከል ለቆረጠ ኃላፊ ነው። «መጥቶ ይየው፣ ከዚያ እናስብበታለን» ለሚል ሰው ጣጣ ይዞበት ይመጣል።

ኦሻ በ1970 በወጣው የሥራ ደኅንነትና ጤና ሕግ የተቋቋመ የፌደራል መሥሪያ ቤት ነው። ኢንስፔክተሮቹ ድርጅትን ይቀጣሉ። አማካሪዎቹ ግን የእነሱ ባልደረቦች አይደሉም። የፌደራሉ መንግሥት አብዛኛውን ወጪ ይችላል፣ ሥራውን የሚሠራው የየስቴቱ መሥሪያ ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ ነው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የስቴቶቹ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች፣ በዲሲ ደግሞ የከተማው የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት ይዘውታል። ሁለቱ ስቴቶች የራሳቸው ሕግ አስከባሪ አላቸው፤ በዲሲ የግል ድርጅትን የሚቆጣጠረው በቀጥታ ፌደራሉ ኦሻ ነው። ስለዚህ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ አንድ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቅርንጫፍ ያለው ሰው ለሁለት የተለያዩ ቢሮዎች መደወል አለበት። ቅድሚያ የሚያገኙት በአንድ ቦታ ከ250 በታች፣ በመላ አገሪቱ ደግሞ ከ500 የማይበልጥ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ናቸው። የሐበሻ ሬስቶራንት ከዚህ ጣሪያ በታች መሆኑ አያጠያይቅም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሥራው አደገኛ ከሆነው ድርጅት ጋር ወረፋ ሲጋፋ አሥር ሰው ያለው ኩሽና ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል።

«መንግሥትን በገዛ እጄ ልጥራ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሳል፤ ቢነሳም አይፈረድም። መልሱ ይህ ነው። አማካሪው አይቀጣም፣ የክስ ወረቀት አይጽፍም፣ ያየውንም ለኢንስፔክተሮቹ አያስተላልፍም። በለውጡ አንድ ግዴታ ያስገባል፦ ከባድ አደጋ ብሎ የመዘገበውን ሁሉ በስምምነት በተቆረጠው ቀን ማስተካከል። ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ እዚያው በቆመበት። ኃላፊው ቀኑን አሳልፎ፣ ማራዘሚያም ሳይጠይቅ ዝም ካለ ያኔ ፋይሉ ወደ ሕግ አስከባሪው ይሻገራል። በሩ የሚከፈተው በዚህ በኩል ብቻ ነው፣ የሚከፍተውም ኃላፊው ራሱ ነው።

ጉብኝቱ ሲካሄድ በዕቅድ የሚደረግ የኢንስፔክተር ፍተሻ ይቆማል። ሠራተኛ ካመለከተ፣ ሰው ከሞተ ወይም ከባድ አደጋ ከደረሰ ግን አይቆምም። ኢንስፔክተር ቀድሞ በር ላይ ከቆመ በኋላ አማካሪ መጥራትም አይቻልም። ይህን ዘዴ ሊሞክሩ የሚያስቡ አሉና ከወዲሁ ይታወቅ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሲደወል የሥራው ዓይነት፣ የሠራተኛው ቁጥርና ምን እንዲታይ እንደሚፈለግ ይጠየቃል። ኤሌክትሪኩንና ማሽኑን ብቻ ብሎ መወሰን ይቻላል፤ ሆኖም አማካሪው ሲያልፍ ከተባለው ክልል ውጭ ከባድ አደጋ ካየ አላየሁም አይልም፣ እሱም ይስተካከላል። በቀጠሮው ቀን አጭር ውይይት ይደረጋል፣ ቀጥሎ ዙረቱ ነው፣ በመሃል ከሠራተኞች ጋር ይነጋገራል፣ ሲያበቃ ከኃላፊው ጋር ቁጭ ብሎ ያየውን ይነግራል። የጽሑፍ ሪፖርቱ በኋላ ይመጣል። የአደጋዎቹ ዝርዝር ሠራተኛ በሚያየው ቦታ ቢያንስ ለ3 የሥራ ቀናት ወይም እስኪስተካከሉ ድረስ፣ ከሁለቱ የዘገየው እስኪደርስ፣ ይለጠፋል። መለጠፉ ብዙ ኃላፊዎችን ያሳፍራል። ሠራተኛው ግን ሪፖርቱ ላይ የሰፈረውን ሁሉ ከማንም በፊት ያውቀዋል፤ በየቀኑ የሚረግጠው ነው።

አማካሪው እንጀራ ቤት ገብቶ ምን ያያል? የሚጀምረው ከምጣዱ ነው። ለቤት የተሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ120 ቮልት 1500 ዋት ከሆነ 12.5 አምፕር ይስባል። ባለ 20 አምፕር ብሬከር ለ3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ ሲሠራ ሊሸከም የሚገባው 80 በመቶውን፣ ማለትም 16 አምፕር ነው። ስለዚህ በአንድ መስመር አንድ ምጣድ። ሁለተኛው ሲሰካ 25 አምፕር ይሆናል፣ ብሬከሩም ይወርዳል። መውረዱ ሥራውን መሥራቱ ነው። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፦ «ሁልጊዜ እየወረደ አስቸገረን» ብሎ አንዱ ብሬከሩን በ30 ይቀይረዋል፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ግን 20 የሚችለው 12 ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲያ ብሬከሩ አይወርድም፤ ሽቦው ይግላል። የማንም ዓይን አያየውም።

ሌላው የምጣዱ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። «ለቤት አገልግሎት ብቻ» የሚል ከሆነ በቀን ስምንት ሰዓት የሚጋገርበት የንግድ ኩሽና ውስጥ መገኘቱ ራሱ ጥሰት ነው፣ ምክንያቱም የኦሻ የኤሌክትሪክ ደንብ ማንኛውም ዕቃ በተፈተነበትና በተጻፈለት አገልግሎት ብቻ እንዲሠራ ያዛል። ማራዘሚያ ገመድም እንዲሁ። ለአንድ ቀን ሥራ ይፈቀዳል፤ በጣሪያ በኩል አልፎ ወይም በምስማር ተይዞ ቋሚ መስመር ሲሆን አይፈቀድም። መፍትሔው ርካሽ አይደለም። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ለእያንዳንዱ ምጣድ የራሱን መስመር መዘርጋት አለበት፣ ወይም በ240 ቮልት የሚሠራ ለንግድ የተፈቀደ መጋገሪያ መግዛት ነው። ከጉብኝቱ በፊት የኤሌክትሪሺያን ዋጋ የጠየቀ ኃላፊ የማስተካከያ ቀን ሲቆረጥ የሚናገረውን ያውቃል። ያልጠየቀው «በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ» ብሎ ይፈርምና ይጨነቃል።

ከዚያ ፓነሉ። የሐበሻ እንጀራ ቤት ሁሉ የሚጋራት ጥፋት አለች ከተባለ ይህች ናት፦ ጤፉ ሲራገፍ ባዶ ሆኖ የሚገኘው ግድግዳ የብሬከር ፓነሉ ያለበት ነውና ከረጢቱ እዚያ ይደረደራል። ደንቡ ከፓነሉ ፊት 3 ጫማ ጥልቀትና 30 ኢንች ስፋት ባዶ እንዲሆን ይጠይቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው ኤሌክትሪክ ይዞት ሲንቀጠቀጥ ሌላው 25 ኪሎ ከረጢት እያነሳ ወደ ማጥፊያው መድረስ አይችልም። መፍትሔው የአንድ ጥቅል ቢጫ ቴፕ ዋጋ ነው። ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ይሠመራል፣ ከመስመሩ ውስጥ ምንም አይገባም። ጤፍ የሚያወርደው ልጅ ግን ስለ መስመሩ ካልተነገረው ቴፑ በሳምንቱ ከከረጢት ሥር ይገኛል። የኋላውን በርም አማካሪው ገፍቶ ያየዋል። ሠራተኛ ውስጥ እያለ ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈት አለበት፣ መተላለፊያውም በየትኛውም ቦታ ከ28 ኢንች መጥበብ የለበትም። ሌባ ፈርቶ ሰንሰለት ያስገባ ኃላፊ እዚህ ጋ ነው የሚያዘው።

የሊጥ ማቡኪያ ማሽኑ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ዘመናዊው ማቡኪያ ሽቦ መከለያ አለው፤ መከለያው ሲከፈት ማሽኑ ይቆማል። ሠራተኛው ግን ጠርዝ ላይ የተጣበቀውን ሊጥ ለመፋቅ በየደቂቃው ማቆም ሥራ ያጓትትበታል። ስለዚህ መከለያው የሚነካትን ትንሿን ማብሪያ በፕላስተር ያስራታል። አሁን ማሽኑ ክፍት ሆኖ ይሽከረከራል። እጅ ሲገባ፣ ወይም የሸሚዝ እጅጌ ሲያዝ፣ ሞተሩ ሰው ይሁን ሊጥ አይለይም። አማካሪ ማሽኑን ሲመረምር መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንን ፕላስተር ነው። ለማጽዳት ደግሞ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። በሶኬት የሚሠራ ከሆነ ይነቀላል፣ ሶኬቱም የሚያጸዳው ሰው ዓይንና እጅ ሥር ይቀመጣል። ይህ ከተሟላ ማሽኑን በቁልፍ የመዝጋቱ ረጅም ሥርዓት አያስፈልግም። በቀጥታ ከግድግዳ የተገናኘ ማሽን ከሆነ ግን ቁልፉም፣ ምልክቱም፣ የተጻፈው ቅደም ተከተልም ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ልጆች አንድ ነገር። ቅዳሜና እሑድ የባለቤቱ ልጅ መጥቶ ማገዙ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። የሥጋ መቁረጫ ማሽን ላይ ግን ዕድሜው 18 ያልሞላ ሰው መሥራትም ማጽዳትም አይችልም፣ የንግድ ማቡኪያም እንዲሁ። ይህ የኦሻ ሳይሆን የፌደራሉ የሥራ ሰዓትና ደመወዝ ሕግ ነው፤ ወላጅ ልጁን እንዲያሠራ የሚፈቅደው ነጻነትም አደገኛ የተባሉ ሥራዎችን አይጨምርም። የደኅንነት አማካሪው ይህን ሕግ የማስከበር ሥልጣን የለውም፤ ስለዚህ እሱ ዝም ስላለ ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

ኬሚካል ላይ አማካሪው የሚያየው ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ በውኃ ፕላስቲክ የተቀዳ በረኪና። ከዋናው ዕቃ ወደ ሌላ የተቀዳ ማንኛውም ኬሚካል ምን እንደሆነና ምን እንደሚጎዳ የሚናገር ጽሑፍ ያስፈልገዋል፣ የኬሚካሉ የመረጃ ወረቀትም ሠራተኛ በፈለገበት ሰዓት የሚያገኘው መሆን አለበት። በረኪና ከአሞኒያ ወይም ከድንጋይ ማስለቀቂያ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ የሚሆነው በአብዛኛው ሲመሽ፣ ሁለት ሰው አንዱን ወለል ሁለት ዓይነት ነገር ሲያፈስበት ነው።

የቡና ሥነ ሥርዓቱንም አይዘለውም። ከሰል ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። የኦሻ ወሰን በ8 ሰዓት አማካይ ከአንድ ሚሊዮን 50 እጅ ነው። ከሰሉን የጭስ ማውጫ ሥር አቀጣጥሎ ወደ አዳራሽ ማምጣት ችግሩን አይፈታም፤ የቀላ ከሰልም መልቀቁን አያቆምም። ራስ ምታቱን ሠራተኛው የዕጣኑ ነው ይላል፣ አለቃው የድካም ነው ይላል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ረከቦቱ ሥር ደብቆ ማስቀመጥ የብዙዎች መፍትሔ ነው፤ እንግዳውም አያስተውለውም። አማካሪው የሥራ ጤና ባለሙያ ከሆነ አየሩን በመሣሪያ ለክቶ ቁጥሩን ይሰጣል። በግል ይህን ማስለካት ገንዘብ ነውና ሲደወል በተለይ ይጠየቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህን ሁሉ አይቶ ያለፈ ሱፐርቫይዘር በሕግ ፊት ምን ይሆናል? ኦሻ የሚቀጣው አሠሪውን እንጂ ሱፐርቫይዘሩን በግል አይደለም። ሆኖም ሱፐርቫይዘሩ ያየው ድርጅቱ ያወቀው ተብሎ ይቆጠራል። ማዕረጉ አይደለም የሚታየው። «ሺፍት ሊድ» የተባለችው ልጅ ሌሎችን የማዘዝ ሥልጣን ከተሰጣት የእሷ ማወቅ የባለቤቱ ማወቅ ነው፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ ለእረፍት ሄዶ ቢሆንም። ባለማወቅም ማምለጥ አይቻልም፤ በተገቢ ትጋት ቢያይ ሊያውቀው ይችል የነበረውን ሕጉ እንዳወቀ ይቆጥረዋል። አማካሪ መጥራት ያልታወቀውን የታወቀ ያደርጋል ብለው የሚፈሩ ሰዎች ስሌታቸው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ፕላስተሩን ያሰረውን ሠራተኛ አጠገቡ ቆሞ ያየ ሺፍት ሊድ ካለ ነገሩ ቀድሞም ታውቋል።

«ሠራተኛው እኮ ራሱ ነው መከለያውን ያነሳው» የሚለው መከራከሪያ ዋጋ የሚኖረው አራት ነገሮች ሲገኙ ነው። ደንብ ነበረ፣ ደንቡ ለሠራተኛው ተነግሮታል፣ መከበሩ ይታይ ነበር፣ የጣሰውም ይቀጣ ነበር። ሦስቱ ተሟልተው አራተኛው ከጎደለ አይሠራም። በእኛ ቤቶች ሁሌም የሚጎድለው ይህ አራተኛው ነው፤ ጋሽ እንትና ናቸው፣ የአገር ሰው ናቸው፣ እትዬ እንትና ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበሩ ናቸው ተብሎ ይታለፋል። ደንብ ጣሹ ራሱ ሱፐርቫይዘር ሲሆን ደግሞ መከራከሪያው ከነአካቴው ይከብዳል። አንድ ርካሽ ደብተር ብዙ ያድናል። እንዲህ ተብሎ ይጻፍበት፦ «ማክሰኞ 9 ሰዓት፣ የማቡኪያው ማብሪያ በፕላስተር ታስሮ ተገኘ። ማሽኑ ተነቀለ። ፕላስተሩ ተነሳ። ሠራተኛው በቃል ተነገረው፣ ሁለተኛ ጊዜ በጽሑፍ እንደሚሆን ተገለጸለት።» ቀንና ፊርማ። ከዚህ የበለጠ የተዋበ ፎርም አያስፈልግም።

ሥልጠናውም ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋና ቃል መሆን እንዳለበት ኦሻ በ2010 በግልጽ አስታውቋል። አማርኛ ብቻ ለምትሰማ ጋጋሪ የእንግሊዝኛ ወረቀት አስፈርሞ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ሥልጠና አይደለም። ኩሽናው ውስጥ ስፓኒሽ ተናጋሪ ካለ በአማርኛ ብቻ ማስተማርም እንደዚያው ነው።

ሱፐርቫይዘሩ በግሉ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ሌላ ነገር በቀል ነው። ስለ አደጋ የተናገረ ወይም ለኦሻ ያመለከተ ሠራተኛ ሰዓቱ ቢቀነስ ወይም ቢባረር በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት ይችላል። የሕጉ አንቀጽ የሚከለክለው አሠሪውን ብቻ አይደለም፣ «ማንም ሰው» ነው የሚለው። የሥራ ፕሮግራም የሚያወጣው ሱፐርቫይዘር በዚህ ቃል ውስጥ አለ። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥሰት ሰው ከገደለ ደግሞ ነገሩ የወንጀል ይሆናል፣ እስከ 6 ወር እስራት አለው።

የገንዘቡን መጠን ለሚጠይቅ፦ በ2025 በተቀመጠው የፌደራል ጣሪያ አንድ ከባድ ጥሰት እስከ 16,550 ዶላር፣ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ወይም የተደገመ እስከ 165,514 ዶላር ነው። ጣሪያ ነው እንጂ ለትንሽ ድርጅት ቅናሽ አለ። ተቀጥቶ ያላስተካከለ ግን በየቀኑ እስከ 16,550 ይቆጠርበታል። ክሱ ሲደርስ ለመቃወም ያለው ጊዜ 15 የሥራ ቀን ብቻ ነው፤ ፖስታውን ሳይከፍት ያስቀመጠ ሰው መብቱን አብሮ ያስቀምጣል።

ከጉብኝቱ ጋር የሚወዳደረው ታዋቂው የ30 ሰዓት የኦሻ ኮርስ ነው። ለሱፐርቫይዘር ተብሎ የተዘጋጀ ነው፣ በቀን ከ7 ሰዓት ተኩል በላይ ስለማይፈቀድ ቢያንስ 4 ቀን ይወስዳል፣ ሲያልቅ ካርድ ይሰጣል። ትምህርቱ ጥሩ ነው። ካርዱ ግን ፈቃድም የሙያ ማረጋገጫም አይደለም፤ ኦሻ ራሱ ይህን ይናገራል። «ኦሻ ሰርቲፋይድ ያደርግዎታል» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ገጹን ይዝጋው። ኮርሱ ስለ ፓነል ያስተምራል፣ የእርስዎ ፓነል ፊት ጤፍ መከመሩን ግን አያውቅም። ኒውዮርክ ከተማ የግንባታ ሥራ ላይ እንደሚደረገው ካርድ በሕግ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። ለሬስቶራንትና ለእንጀራ ቤት ግን አንዱን ምረጥ ብንባል ያለማመንታት ጉብኝቱን እንመርጣለን።

ጉድለቶቹን ደግሞ አንደብቅም። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ፣ በደንብ ቁጥሮች ተሞልቶ ይመጣል፤ ጋጋሪዋ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚተረጉም ሰው ይፈልጋል። አማካሪው ሠራተኛ ሲያናግር አስተርጓሚው ራሱ አለቃው ከሆነ ሠራተኛው እውነቱን አይናገርም፤ ሌላ ሰው ይዘጋጅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ የመንግሥት እጅ ስለ ሌላው እጅ አይናገርም። አማካሪው ያለፈውን የጭስ ማውጫና ቅባት የእሳት አደጋ መርማሪው ሊጥለው ይችላል፣ የጤና ቢሮውም የራሱ ፍተሻ አለው።

ኢንሹራንሱም ሌላ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለተጎዳ ሠራተኛው ተጠያቂ ነው፤ እዚህ ያንን ቦታ የያዘው የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ ነው። ሜሪላንድና ዲሲ ከአንድ ሠራተኛ ጀምሮ፣ ቨርጂኒያ ከሦስት ጀምሮ ይጠይቃሉ። ኢንሹራንሱ የተጎዳውን ያሳክማል እንጂ የኦሻን ቅጣት አይከፍልም፣ አደጋውን የማሳወቅ ግዴታንም አያነሳም። ሰው ከሞተ በ8 ሰዓት፣ ሆስፒታል ተኝቶ ከታከመ፣ አካሉ ከተቆረጠ ወይም ዓይኑ ከጠፋ በ24 ሰዓት ውስጥ ይነገራል፤ በዲሲ በ1-800-321-6742፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለስቴቱ። የሥጋ ማሽን የቆረጣት የጣት ጫፍ አጥንት ባይነካም ተቆረጠ ይባላል። ይህን ስንቱ ኃላፊ በፋሻ ጠቅልሎ ያልፈዋል።

የጉዳት መዝገቡ ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዓመቱን ሙሉ ከ10 ያልበለጠ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከመያዝ ነጻ ነው፣ ሬስቶራንትም በመጠን ትልቅ ቢሆን እንኳ ነጻ ከተባሉት ዘርፎች ውስጥ ነው። እንጀራ ጋግሮ ለግሮሰሪ የሚያከፋፍል ግን በመንግሥት አመዳደብ ዳቦ ፋብሪካ ነው። 11ኛው ሰው ከተቀጠረ መዝገቡን መያዝ፣ እያንዳንዱን ጉዳት በ7 ቀን ውስጥ ማስገባት፣ የዓመቱን ማጠቃለያ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 በፈረንጆቹ አቆጣጠር መለጠፍ፣ መዝገቡንም 5 ዓመት ማቆየት አለበት። በኤጀንሲ የመጡትም ዕለታዊ ሥራቸውን ድርጅቱ የሚያዝ ከሆነ በእሱ መዝገብ ይገባሉ። «1099 ነው የምከፍላቸው» (እንደ ግል ተቋራጭ እንጂ እንደ ተቀጣሪ አይደለም) ማለትም አያስጥልም፤ ኦሻ የሚያየው ማን እንደሚያዝ ነው።

ለሚጠራ ሰው የምንመክረው ይህን ነው። ከቀጠሮው በፊት ምጣዶቹንና መስመሮቻቸውን በወረቀት ይሣል፣ የትኛው ምጣድ የትኛው ብሬከር ላይ እንዳለ ይጻፍበት። የማሽኖቹ መመሪያ፣ የኬሚካል ወረቀቶችና የእሳት ማጥፊያው የወር ምልክት በአንድ ፋይል ይሁኑ። ማሽን የሚያጸዳው ሠራተኛ በዚያ ቀን ሥራ ላይ ይኑር፣ በተለመደው መንገድም ይሥራ፤ ለእንግዳ ተብሎ ፕላስተሩ ቢነሳ የተጎዳው ጠሪው ነው። የማስተካከያ ቀን ሲቆረጥ የኤሌክትሪሺያኑ ዋጋና ፈቃድ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ይነገር፣ ለዛሬ የሚሆን ጊዜያዊ መከላከያም ይጻፍ፤ ለምሳሌ ሁለተኛው ምጣድ እስኪሠራለት ሶኬቱ ይታሰር። የተስተካከለው በፎቶና በደረሰኝ ይላክ። ጊዜው እንደማይበቃ ከታየ ማራዘሚያው ቀኑ ከማለፉ በፊት በጽሑፍ ይጠየቅ፣ የዘገየበት ምክንያትና አዲሱ ቀን ተገልጾ።